የቁጠባው አሳማና መዶሻው

ለባንክ ማስታወቂያ ሥዕል የሚፈልግ ሰው፣ በየትም አገር ቢሆን፣ መጀመሪያ ትዝ የሚለው ሮዝ ቀለም ያለው ድንቡሽቡሽ አሳማ ነው፤ ጀርባው ላይ ቀጭን ቀዳዳ፣ ከቀዳዳው በላይ ደግሞ ሊገባ የተንጠለጠለ አንድ ሳንቲም። ይህ ሥዕል አዲስ አበባም ደርሷል። በራሪ ወረቀት ላይ፣ በስልክ መተግበሪያ ላይ፣ የቻይና ፕላስቲክ በሚሸጡ የስጦታ ዕቃ መደብሮች መደርደሪያ ላይ እናየዋለን። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አሳማ በማይበላበት፣ ስሙም ለስድብ በሚውልበት አገር ይህ እንስሳ የቁጠባ ምልክት ሆኖ ሲመጣ ግን የተገረመ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

ስለ ቁጠባ አሳማ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ልጆችን ቁጠባ ለማስተማር የታሰበ ነው። እኔ ግን ከረጅም ጊዜ ጀምሮ የምለው ሌላ ነው። ይህ ዕቃ በተረት፣ በፊልም፣ በምርጫ ዘመቻና በስልክ ጨዋታ ውስጥ ቦታ ያገኘው በመሰበሩ ነው ባይ ነኝ። ሳንቲም ሲጠራቀም የሚታይ ነገር የለም፤ አሳማው በመዶሻ ሲመታ ግን ድምፅ አለ፣ ስባሪ አለ፣ መሬት ላይ የሚንከባለል ገንዘብ አለ፣ የሚያዝን ወይም የሚደሰት ሰው አለ። ተራኪም ሆነ ካርቱን ሠሪ የሚፈልገው ይህችን ቅጽበት ነው።

ገንዘብ ማስገቢያ ቀዳዳ ያለው ዝግ ዕቃ ራሱ ከአሳማው እጅግ ይቀድማል። በመጽሐፈ ነገሥት ካልዕ ምዕራፍ 12 ላይ ካህኑ ዮዳሄ ሣጥን ወስዶ ክዳኑን እንደ ነደለውና በመሠዊያው አጠገብ እንዳኖረው እናነባለን። ምክንያቱንም ንባቡ አይደብቅም። ለቤተ መቅደሱ ማደሻ የሚሰጠው ገንዘብ በካህናቱ እጅ ሲያልፍ ቆይቶ፣ ንጉሡ ኢዮአስ በነገሠ በሃያ ሦስተኛው ዓመት እንኳን የፈረሰው አልተጠገነም ነበር። ስለዚህ ሣጥኑ ገባ፤ ሲሞላም የንጉሡ ጸሐፊና ሊቀ ካህናቱ አብረው መጥተው ይቆጥሩት ጀመር። ቀዳዳው እንግዲህ ከመነሻውም የሰው እጅ ስላልታመነ የመጣ ብልሃት ነው፤ በየአብያተ ክርስቲያናቱ ደጃፍ የምናውቀው ሙዳየ ምጽዋትም የዚሁ ዘር ነው። ዛሬ ምዕራብ ቱርክ በሚባለው ምድር በነበረችው ፕሪየኔ በምትባል የግሪኮች ከተማ የተገኘና ዛሬ በርሊን ሙዚየም ውስጥ ያለ አንድ የሸክላ ማጠራቀሚያም አለ፤ ቅርጹ የቤተ መቅደስ ነው።

አሳማው የመጣው በመካከለኛው ዘመን ሲሆን፣ የመጣውም እጅግ በሚራራቁ ሁለት አገሮች ነው። አንዱ ጀርመን ነው፤ በቱሪንጊያ ግዛት ቢለቤን በምትባል ሥፍራ የተገኘው የሸክላ አሳማ የ13ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው ይባላል። ሌላው ኢንዶኔዥያ ነው፤ የማጃፓሂት መንግሥት መናገሻ እንደነበረች በሚታመነው በምሥራቅ ጃቫዋ ትሮውላን አካባቢ፣ በ14ኛውና በ15ኛው ክፍለ ዘመን የተሠሩ በርካታ የከርከሮ ቅርጽ ያላቸው ማጠራቀሚያዎች ከመሬት ወጥተዋል። በዚያ ዘመን የጃቫ ገበያ የሚጠቀመው ከቻይና የሚመጣውን ባለ ቀዳዳ የመዳብ ሳንቲም ስለነበር፣ ተራው ሰው ቤት ውስጥ የሚያጠራቅመው ጥቃቅን ገንዘብ ነበረው። በጃካርታ ብሔራዊ ሙዚየም የሚታየው ትልቁ አሳማ ከስብርባሪ ተለቅሞና ተገጣጥሞ የቆመ ነው። ይህ ለእኔ ከዕድሜው ይልቅ የሚነግረኝ ነገር አለ፤ ሙዚየሙ ያገኘው አሳማ ሥራውን የጨረሰ፣ ማለትም አንድ ቀን ባለቤቱ የሰበረው አሳማ ሊሆን ይችላል።

ለምን አሳማ ሆነ ለሚለው ጥያቄ ብዙ መልስ ይሰጣል። እኔን የሚያረካኝ የገበሬው መልስ ነው። ላም ትታለባለች፣ ዶሮ እንቁላል ትጥላለች፣ በግ ይሸለታል፣ በሬ ያርሳል። አሳማ ግን በቁሙ ለባለቤቱ የሚሰጠው ይህ ነው የሚባል ነገር የለውም። የአውሮፓ ገበሬ ዓመቱን ሙሉ የማዕድ ትራፊና የጓሮ ልጣጭ እያበላ ያደልበዋል፤ ክረምታቸው ሲገባ ያርደዋል፤ ከዚያም ሥጋውን በጨው አሽቶና በጢስ አድርቆ ለወራት ይመገበዋል። እኛ ዘንድ ለፋሲካ ታስሮ እየተቀለበ የሚከርመውን ሙክት ያሰበ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ጥቂት በጥቂት ማስገባት፣ መታገሥ፣ በመጨረሻም አንድ ጊዜ አርዶ ሁሉንም ማግኘት ነው። ሸክላ ሠሪው ይህን እንስሳ ሲመርጥ አሟሟቱንም አብሮ መርጧል ማለት ነው።

ይህን ከማንም በተሻለ የተረዳው ዴንማርካዊው ተራኪ ሀንስ ክርስቲያን አንደርሰን ይመስለኛል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በጻፋት አንዲት አጭር ተረት ውስጥ፣ በልጆች ክፍል ቁምሣጥን ላይ የተቀመጠ የሸክላ አሳማ አለ። ሆዱ ከመሙላቱ የተነሣ ቢነቀነቅ እንኳን አይንኳኳም፤ ይህ ደግሞ ለአንድ የገንዘብ አሳማ ከማዕረግ ሁሉ የመጨረሻው ነው። ከላይ ሆኖ ክፍሉን ቁልቁል ሲያይ፣ በሆዱ ባለው ገንዘብ ሁሉንም መጫወቻዎች መግዛት እንደሚችል ያውቃል፤ መጫወቻዎቹም ይህንኑ ያውቃሉ። ሌሊት መጫወቻዎቹ ተነሥተው ድራማ ይሠራሉ፤ አሳማው ከላይ እንደ ክቡር እንግዳ ይመለከታል፤ ስለ ኑዛዜውና ስለ ቀብሩ ያስባል። በዚህ መካከል ተንሸራቶ ይወድቅና እንክትክቱ ይወጣል። ሳንቲሞቹ እየዘለሉ በየአቅጣጫው ይበተናሉ፤ ስባሪዎቹ ወደ ቆሻሻ መጣያ ይሄዳሉ። በማግስቱ ቁምሣጥኑ ላይ አዲስ አሳማ ቆሟል። ይህም ቢነቀነቅ አይንኳኳም፤ ገና አንድም ሳንቲም አልገባበትምና።

አንደርሰን እዚህ ላይ ስለ ቁጠባ አንድም ምክር አለመስጠቱን ልብ ይሏል። ጠግቦ የማይንኳኳውንና ባዶ ሆኖ የማይንኳኳውን ጎን ለጎን አቁሞ ዝም ማለቱ፣ በሀብታምነቱ የሚኮራ ሰው ላይ ከረጅም ስብከት ይልቅ የከፋ ቀልድ ነው። በዚያ ላይ አሳማው በባለቤቱ እጅ አልተሰበረም፤ በራሱ ወደቀ። ያጠራቀመውም ገንዘብ ለምን ይሁን ለምን የታሰበ እንደነበር ተረቱ ደንታ የለውም።

አሜሪካኖች በበኩላቸው ለጊዜው አሳማውን ተዉና ወደ ማሽን ሄዱ። ከእርስ በርስ ጦርነታቸው በኋላ፣ በተለይ ከ1869 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ በብረት ተቀርጸው በሞላ የሚንቀሳቀሱ ማጠራቀሚያዎች ገበያውን ሞሉት። በኮነቲከት ግዛት ክሮምዌል ከተማ የነበረው የጄ ኤንድ ኢ ስቲቨንስ ፋብሪካ በዚህ ሥራ የታወቀ ነበር። ከሥራዎቹ አንዱ ወንበር ላይ የተቀመጠ ወፍራም ሰው ነው፤ እጁ ላይ ሳንቲም ሲያስቀምጡለት እጁ ወደ ኪሱ ይገባል፣ አንገቱንም ለምስጋና ይነቀንቃል። ማጠራቀሚያው የተሰየመው በዚያ ዘመን ኒው ዮርክን በሙስና ባራቆተው ታማኒ ሆል በተባለው የፖለቲካ ድርጅት ስም ነው። ልጁ ሳንቲሙን የሚያስገባው ጉቦኛው ባለሥልጣን ሲውጠው ለማየት ነው እንግዲህ፤ ይህን ያሰበ ሰው ምን ያህል እንደሳቀ መገመት አያቅትም። ከእነዚሁ የብረት ማጠራቀሚያዎች መካከል ግን ጥቁሮችን አፋቸውን ከፍተው ሳንቲም እንደሚውጡ መሳቂያዎች አድርገው የቀረጹ ብዙ ነበሩ፤ ዛሬ በሰብሳቢዎች ዘንድ በውድ ዋጋ ሲሸጡ ማየት ያሳቅቃል። ሳንቲም ማስገባት በራሱ አሰልቺ መሆኑን ፋብሪካዎቹ ያውቁ ነበር፤ መሰበሩን ነፍገው በየሳንቲሙ አንድ ትንሽ ትርኢት ሰጡ።

ከዚያ በኋላ ከመዶሻው የባሰ ጠላት መጣ፤ ውታፉ። በአሳማው ሆድ ሥር የተበጀው የቡሽ ወይም የላስቲክ ውታፍ ዕቃው ሳይሰበር እንዲከፈት አደረገ። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ማንም እናት በየዓመቱ አዲስ አሳማ መግዛት አትፈልግም። ነገር ግን ገንዘቡን በፈለጉት ሰዓት ማውጣት ከተቻለ ዕቃው ከመሳቢያ በምን ይለያል? ይህ ለውጥ በ1995 እ.ኤ.አ. በወጣው በፒክሳሩ ቶይ ስቶሪ ፊልም በደንብ ይታያል። ሃም የተባለው አሳማ በጆን ራትዘንበርገር ድምፅ የሚናገር፣ ሁሉን አውቃለሁ ባይ፣ ነገረኛ መጫወቻ ነው። በፊልሙ መጀመሪያ ልጁ አንዲ የባንክ ዝርፊያ ሲጫወት ካዝና ሆኖ የሚያገለግለው እሱ ነው፤ ሆዱ ይከፈታል፣ ሳንቲሞቹ ይፈሳሉ፣ ሃምም ምንም ሳይሆን ወደ ቀጣዩ ጨዋታ ያልፋል። የአንደርሰን አሳማ አንድ ሞት ነበረው፤ ሃም ግን ተከታታይ ፊልሞችን ኖረ፤ በሦስተኛው ፊልም መክፈቻ ላይ እንዲያውም ክፉ ዶክተር ሆኖ በአሳማ ቅርጽ በተሠራ የሰማይ መርከብ ይመጣል። ሞት ሲቀርለት ቀልደኛ ሆነ ልበል?

እንግሊዞች ይህንን ነገር እስከ ጫፍ ወሰዱት። ናሽናል ዌስትሚንስተር ባንክ በ1983 እ.ኤ.አ. ለልጆች ሂሳብ ማስተዋወቂያ አምስት አባላት ያሉት የሸክላ አሳማ ቤተሰብ አወጣ። በ3 ፓውንድ ሂሳብ የከፈተ ልጅ ዳይፐር የታጠቀውን ሕፃኑን ዉዲን ያገኛል፤ ሂሳቡ እያደገ ሲሄድ እህቱ፣ ወንድሙና እናቱ ተራ በተራ ይመጣሉ፤ 100 ፓውንድ የደረሰ ደግሞ የቤተሰቡን አባት ሰር ናታኒየልን ይረከባል። አሠራሩን ስናየው ገንዘቡ ያለው ባንክ ነው፤ አሳማው መደርደሪያ ላይ ባዶውን ተቀምጧል። ቀዳዳም ውታፍም አለው፣ ግን ሥራ የለውም። ዛሬ እነዚያ አሳማዎች የሚፈለጉ የሰብሳቢ ዕቃዎች ሲሆኑ፣ ትንሽ የተሸረፈባቸው እንኳን ዋጋቸው ይወድቃል። ለመሰበር የተፈጠረ ዕቃ ጭረት ብቻ ዋጋ የሚያሳጣው ሲሆን ነገሩ ተገልብጧል ማለት ነው።

የራስ ያልሆነ ገንዘብ የሚሰበስቡ አሳማዎች ደግሞ ለብቻቸው ይታያሉ። በ1913 እ.ኤ.አ. ካንሳስ ውስጥ ዋይት ክላውድ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ዊልበር ቻፕማን የተባለ ልጅ በተሰጠው 3 ዶላር ግልገል አሳማ ገዝቶ ፒት የሚል ስም አወጣለት፤ ቀልቦ አደለበውና በ25 ዶላር ሸጦ ገንዘቡን ለሥጋ ደዌ ሕሙማን መርጃ ሰጠ። ታሪኩ በአሜሪካ አብያተ ክርስቲያናት ሲሰማ፣ የሕሙማኑ ሚሲዮን የአሳማ ቅርጽ ባላቸው ማጠራቀሚያዎች ገንዘብ ማሰባሰብ ጀመረ። በዚህ ታሪክ ውስጥ አሳማው በሥጋውም በምሳሌነቱም አንድ ላይ ይገኛል፤ ፒት በእርግጥ የተቀለበና የተሸጠ እንስሳ ነበርና።

ሌላው ብዙ የአገራችን ሰዎች በሚኖሩባት ሲያትል ነው። ዘመድ ጥየቃ ሄጄ ፓይክ ፕሌስ ገበያን ስጎበኝ፣ ከታዋቂው የገበያው ሰዓት ሥር ሬቸል የተባለችውን የነሐስ አሳማ ቆሜ አየኋት። ቀራጺዋ ጆርጂያ ገርበር ስትሆን ሐውልቱ ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እዚያው ነው፤ ክብደቱ 250 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። ጀርባዋና አፍንጫዋ ከመዳበስ ብዛት ወርቅ መስሎ ያብረቀርቃል፤ እጅ የማይደርስበት የሆዷ ሥር ግን ጠቁሯል። አንድ አባት ልጁን ጀርባዋ ላይ አስቀምጦ ሳንቲም ሰጠው፤ ልጁ ግን ሳንቲሙን አጥብቆ ይዞ አልለቅም አለ፣ የተሰለፍነውም ሳቅን። በየዓመቱ የሚጠራቀመው በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ለገበያው ማኅበራዊ አገልግሎቶች፣ ለምግብ ዕርዳታ፣ ለአረጋውያን ማዕከልና ለሕፃናት ማቆያ ይውላል። በ2011 እ.ኤ.አ. አንድ ታክሲ መንገድ ስቶ ገጭቷት ነበር፤ ተጠግና ተመለሰች እንጂ አልተሰበረችም። እኔ እሷን የምቆጥራት ከሙዳየ ምጽዋት ወገን ነው።

በደቡብ ኮሪያ ደግሞ በሕልም አሳማ ያየ ሰው ሀብት ይመጣልኛል ብሎ ሎተሪ እስከ መቁረጥ ይደርሳል። በ2002 እ.ኤ.አ. የፕሬዚዳንታዊ ምርጫ የሮህ ሙ ህዩን ደጋፊዎች የተስፋ አሳማ ያሏቸውን ማጠራቀሚያዎች ለሕዝብ አድለው፣ በሳንቲም ተሞልተው ሲመለሱ ለዘመቻው አዋሉት። ከትላልቅ ኩባንያዎች በሚመጣ ገንዘብ በሚታማ ፖለቲካ ውስጥ ሳንቲም የሞላበት አሳማ ራሱ መልእክት ነበር። ሮህ አሸነፉ።

ባንኮች አሳማውን የራሳቸው ያደረጉበት ቀንም አለ። በ1924 እ.ኤ.አ. ሚላን ላይ የተሰበሰበው የቁጠባ ባንኮች ጉባኤ ጥቅምት መጨረሻን የዓለም የቁጠባ ቀን ብሎ ሰየመው። አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በጀርመን አንድ ዶላር በትሪሊዮን በሚቆጠር ማርክ ይመነዘር እንደነበርና የቆጣቢ ሁሉ ገንዘብ ወረቀት ሆኖ እንደቀረ ሲታሰብ፣ የጊዜው ምርጫ ድፍረት ይጠይቃል። በጀርመንና በኦስትሪያ ልጆች በዚያ ቀን አሳማቸውን ታቅፈው ወደ ባንክ ይሄዳሉ፤ ባንከኛው ከፍቶ ይቆጥራል፣ ትንሽ ስጦታ ይሰጣል፣ ገንዘቡን ሂሳብ ውስጥ ያስገባል። መዶሻው ከልጁ ወደ ባንኩ ተዛወረ።

እኛ ዘንድ አሳማው ሳይመጣ ቆርቆሮው ነበር። በእኛ ቤት ማጠራቀሚያ ማለት የዱቄት ወተት ጣሳ ነበረች፤ ክዳኗ በበያጅ ተበይዶ፣ አናቷ በቢላ ተሰንጥቆ። ለቡሄ ሆያ ሆዬ ተብሎ የተገኘው፣ ለእንቁጣጣሽ ዘመድ የሰጠው፣ ከሱቅ ሲላኩ መልስ የተረፈው ስሙኒና ሽልንግ እዚያ ይገባ ነበር። ታላቅ ወንድሜ አንድ ጥበብ ያውቃል። ጣሳዋን ይገለብጥና የገበታ ቢላ በስንጥቋ ያስገባል፤ ቀስ ብሎ ሲነቀንቅ ሳንቲሙ በቢላው ላይ ጋደም ይልና ተንሸራትቶ ይወጣል። ድምፅ እንዳይሰማ ሥሩ ላይ ፎጣ ያነጥፋል። ጳጉሜን ላይ ለደብተር ብለን ጣሳዋን በመጥረቢያ ጀርባ ስናፈርሳት የሚቆጠረው ሁልጊዜ ከጠበቅነው ያንስ ነበር፤ እናታችን ደግሞ ወደ ማን ማየት እንዳለባት ታውቃለች።

ትልልቆቹ ግን በጣሳ አይቆጥቡም፤ እቁብ ይጥላሉ። እቁብ ውስጥ የሚሰበር ነገር የለም፤ ዕጣ ይወጣል፣ የደረሰው ይወስዳል፣ ሌላው ተራውን ይጠብቃል፤ ዳኛውና ጸሐፊው ባሉበት ማንም በቢላ ገብቶ አያወጣም። በእኛ ዘፈንና ቀልድ ውስጥ የገንዘብ ማጠራቀሚያ ዕቃ ያን ያህል ቦታ ሳያገኝ፣ እቁብ የደረሰው ሰው ግን በየጊዜው የሚነሣው ለዚህ ይመስለኛል። የእኛ የቁጠባ ወግ ዋና ቅጽበት በሰው ፊት የሚሆን ነው።

አንድ ጊዜ ግን አገር ሁሉ ማጠራቀሚያውን በአንድ ላይ የሰበረበትን ወቅት አይተናል። መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም. መንግሥት የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች እንደሚቀየሩና አዲስ የ200 ብር ኖት እንደሚወጣ ሲያስታውቅ፣ ለቅያሬው የተሰጠው ጊዜ ሦስት ወር ብቻ ነበር። ያን ሰሞን ከፍራሽ ሥር፣ ከእህል ጎተራ፣ ከተበየደ ጣሳና ከእንጨት ሣጥን የወጣ ብር በየባንኩ ደጃፍ ተሰለፈ። ልጆች ለብስክሌት ያጠራቀሙት ሳይቀር ያለ ቀኑ ተከፈተ። ሳንቲም ብቻ የነበረበት ሣጥን ግን አልተነካም፤ ሳንቲም አልተቀየረም፣ ለመቀየር የሚያበቃ ዋጋም የቀረው አይመስልም ነበር።

አሁን ነገሩ ወደ ስልክ ገብቷል። ቴሌብር ላይ ገንዘብ የሚቀመጥበት አገልግሎት ሳንዱቅ ተብሎ ሲሰየም የድሮው ሣጥን ስሙን አውርሶታል፤ ቀዳዳ፣ ክዳንና መዶሻ ግን የሉም፣ አንድ ጊዜ በጣት መንካት ይበቃል። የመዶሻውን ዋጋ ያልረሱት የጨዋታ ኩባንያዎች ናቸው። ካንዲ ክራሽ ሳጋን የሚጫወት ሰው ደረጃ ባለፈ ቁጥር አንድ አሳማ ወርቅ እየበላ ሲወፍር ያያል። ወርቁን ያጠራቀመው ተጫዋቹ ራሱ ነው፤ አሳማውን ለመክፈት ግን በእውነተኛ ገንዘብ መክፈል አለበት። የትሮውላን ሸክላ ሠሪ አሳማውን ሲሸጥ መስበሩን በነፃ ይሰጥ ነበር፤ እነዚህ ደግሞ አሳማውን በነፃ ሰጥተው መስበሩን ይሸጣሉ፤ ብዙ ሰውም ይገዛቸዋል።